ሃምሳ አራት ክንድ ገመድ

ውበቱ ሰው አይጠላም። መካነ ሰላም ውስጥ ዞራችሁ ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚይዝ፣ ሰው ሲጣላ መሐል ገብቶ የሚገላግል ሰው ነው። ብርሀንነሽን ግን አይወዳትም ነበር። ለምን ቢባል «ሥራ ሳታውቅ ስሟ የወጣ ሴትዮ» ይላል። ውሸቱን ነው። ያንገበገበው ሥራ ማወቋ ነው። ቀናባት። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

ውበቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። አንድ የውሃ ፕሮጀክት ቀጥሮት፣ ሞተር ብስክሌት ተሰጥቶት፣ ብርዱንና ጭቃውን እየበላ ደጋውን ሲዞር ይውላል። ፕሮጀክቱ በየቀበሌው ባስቆፈራቸው ጉድጓዶች ላይ የተተከለው የገመድ ፓምፕ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከላይ መዘውር አለ፣ በመዘውሩ ላይ ገመድ ይዞራል፣ ገመዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ጎሚኒ የሚባሉ ክብ ክብ የጎማ ቁራጮች ተሰክተዋል። መዘውሩ ሲዞር ገመዱ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ጎሚኒዎቹም ውሃውን እየገፉ ያመጡታል። ገመዱ ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። የውበቱ ሃያ ዓመት ያለቀው በሁለቱ መካከል ነው።

ብርሀንነሽ ደግሞ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ ደጋው አናት ላይ ባለ ቀበሌ የአንድ ፓምፕ ጠባቂ ናት። ስድስት ዓመት ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስትመለስ ቀበሌው ጠባቂ አድርጎ መረጣት፤ ሁለት ቀን አሠልጥኖ መፍቻ ያስያዛትም ራሱ ውበቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አልጠራችውም። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ሰባት ዓመት ሞላ። የሌላው ቀበሌ ፓምፕ በየወሩ «ጋሼ ውበቱ ድረሱልን» ሲያስብል የሷ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ከደሴ እንግዳ በመጣ ቁጥር መኪናው የሚነዳው ወደ እሷ ነው። እንግዶቹ ፓምፑን አዙረው፣ ውሃውን ቀምሰው፣ እሷን መሐል አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶውን የሚያነሳው ደግሞ ውበቱ ነው፤ ስልኩን ይሰጡትና «አቶ ውበቱ፣ እባክዎ አንዴ» ይሉታል። ስንት ጊዜ እንዳነሳቸው እሱ ያውቃል።

የብርሀንነሽ ነገር ሁሉ ያለው ደብተር ውስጥ ነበር። ጂዳ የተቀጠረችበት ቤት አልጋ የያዘ ሽማግሌ ነበረና አሠሪዋ ማዳም ሽማግሌው በስንት ሰዓት ምን እንደዋጠ፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳዘዘለት ሁሉ ታስጽፋት ነበር። ልማዱ ከእጇ አልወጣ ብሎ ስትመለስ ፓምፑንም እንደዚያ ሽማግሌ ታስታምመው ጀመር። መቼ እንደጮኸ፣ ምን ቢደረግለት ዝም እንዳለ ትጽፋለች። ውበቱ ደብተሩን በሩቁ አይቶታል እንጂ ገልጦት አያውቅም። ለመግለጥ ኩራቱ አልፈቀደለትም።

ባለፈው የካቲት ከፕሮጀክቱ የደሴ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። መጋቢት ላይ የየቀበሌው ፓምፕ ጠባቂዎች መካነ ሰላም ይሰበሰባሉ፤ ስለ ፓምፑ አያያዝ ግማሽ ቀን ገለጻ ይሰጣቸዋል፤ ገለጻውን የሚሰጠው ውበቱ ነው። ከዚህም ሌላ ነገር ነበረው። ገለጻው ከሠመረ ማሻን፣ ደጎሎንና ኩታበርን እየዞረ ጠባቂዎችን የሚያሠለጥነው ሰው ከዚያው ስብሰባ ይመረጣል። ውበቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። «አሠልጣኝ ውበቱ» ብሎ ለራሱ ቀስ ብሎ ጠራው፤ ጣፈጠው። ሃያ ዓመት ጠጋኝ ሲባል ኖሯል፤ ጥገና ደግሞ ሲሠራ ማንም አያየውም፣ ሲበላሽ ነው አገር የሚሰማው።

ላፕቶፕ ተዋሰና ቁጭ አለ። «የገመድ ፓምፕ አያያዝና አጠጋገን» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ አሰፈረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ምንም አልጻፈም። የሚያውቀው ሁሉ እጁ ላይ ነው፤ ገመድ ሲቆርጥ እንኳ ጥቅሉን ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆማል፣ አስገብቶ አዙሮ፣ ሳብ አድርጎ አይቶ፣ እዚያው ይቆርጣል። ስንት ሜትር ነው ብትሉት አያውቀውም። ለክቶ አያውቅማ።

«ያቺ ደብተር አላት የምትላት ሴትዮ አለች አይደል?» አለችው ሚስቱ ዝናሽ፣ ሲተክዝ አይታ። «ሄደህ ተዋሳት።»

«ከሷ?» አለ ውበቱ። «ያስተማርኳት እኔ!»

«እሺ ያስተማርካትን መልሰህ ተዋሳት» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ብርሀንነሽ የፓምፑን ወለል በመጥረጊያ ስትፈትግ ደረሰ። «እንዴት ዋሉ ጋሼ? አፊያ ነዎት?» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችው። የቀኝ እጇ የመሐል ጣት ጫፍ የለውም፤ ጂዳ የብረት በር ቆርጦት ነው የተመለሰችው። ውበቱ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ አወራ። በመጨረሻ «ያቺን ደብተርሽን ለጥቂት ቀን ብታውሺኝ» አለ፣ ጥያቄው ድንገት ትዝ ያለው አስመስሎ።

ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዛ ወጣች። ሳትለመን፣ ሳትግደረደር ሰጠችው። እንዲያ በቀላሉ መስጠቷም አናደደው።

«አንድ አደራ ብቻ ጋሼ» አለች። «ከእያንዳንዱ ነገር ሥር የነገረኝ ሰው ስም አለ። ሲያወሩት ስማቸውን ይጥሩልኝ። የሰው ነገር የኔ ሲባል አልወድም።»

«ምን ችግር አለ» አለ ውበቱ። «እጠራለሁ።»

ቤቱ ገብቶ ገለጠው። ፓምፑ በየክፍሉ ተሥሏል፤ መዘውሩ በሰማያዊ፣ ገመዱ በቀይ እስክሪብቶ። ጎሚኒ ሲያልቅ ከአሮጌ ጫማ ሶል እንዴት እንደሚቆረጥ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «የነገሩኝ አቶ አሕመድኑር» ይላል። የገመዱ ጫፍና ጫፍ እንዳይፈታ ቋጠሮው እንዴት በእሳት እንደሚቀልጥ አለ፤ ከሥሩ «ያሳየኝ ጋሹ በያጁ» ይላል። ስም የሌለበት ቦታ ደግሞ «ራሴ ያየሁት» የሚል ከነቀኑ ተጽፏል። «ራሴ ያየሁት» ከሁሉም ይበዛ ነበር። ውበቱ በየገጹ ያውቀው የነበረውን፣ ሃያ ዓመት በእጁ ሲሠራው የኖረውን አገኘ፤ ግን እንዲህ ብሎ መናገር እንደሚቻል አላወቀም ነበር። የሱን ዕውቀት ከሱ በፊት ጽፋው የተቀመጠች መሰለው። ልቡ ተቃጠለ። እኔ ለምን አልጻፍኩትም አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እሷ ለምን ጻፈችው አለ።

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ጀመረ። ጨዋ ሰው ነውና በመጀመሪያው ስላይድ ላይ «ምንጭ፦ የብርሀንነሽ ደብተር» ብሎ ጻፈ። አየው። ከራሱ ስም ጋር እኩል ሆኖ ታየው፣ ፊደሉን አሳነሰው። አሁንም ጎልቶ ታየው፣ ደግሞ አሳነሰው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ስላይድ ወሰደው። በመጨረሻ «መጨረሻውን ማን ያነብበዋል?» ብሎ አጠፋው። የነአሕመድኑርን ስም ደግሞ ገና ሲገለብጥ ነው የዘለለው፤ «ቦታ ይፈጃል» አለ ለራሱ። አሥራ ስምንት ስላይድ ሞላ፤ በአሥራ ስምንቱም ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር።

ገመዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጉድጓዶቹ ሁሉ አፋቸው ላይ ጥልቀታቸው በሜትር በቀለም ተጽፎባቸዋል፤ ብርሀንነሽ እሱን ይዛ «ጥልቀቱ 10 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ፣ ገመድ 54 ክንድ። ራሴ ያየሁት» ብላለች። ክንድ ማለት ለውበቱ የገበሬ ወሬ ነው። ስብሰባ ላይ እንዲህ አይባልም። ትምህርት ቤት አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ነው ተብሎ ተምሯልና አባዛው፣ ሃያ ሰባት ሜትር መጣ። ደስ አለው፤ ይቺኛዋ እንኳ ትንሽ የኔ ናት አለ። ደግሞ ጥንቁቅ ሰው ነውና ሳይሞክረው አልተወም። ከከተማው ዳር ጥልቀቱ አሥር ሜትር የሆነ ጉድጓድ አለ፤ አዲስ ገመድ ሃያ ሰባት ሜትር ለክቶ ቆርጦ፣ ጎሚኒውን ሰክቶ፣ አስገባው።

ገመዱ ላልቶ መዘውሩ ሥር ተንዘለዘለ። ቢያዞረው ይንሸራተታል፣ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ያዩታል። ትርፉን ሲለካው ከአራት ሜትር ይበልጣል፤ ጉድጓዱ የፈለገው ሃያ ሁለት ሜትር ከሰባ ብቻ ነው።

ውበቱ መጀመሪያ ተናደደ። ቀጥሎ አንድ ነገር ብልጭ አለለትና ሳቅ አመለጠው። «ተሳስታለች!» አለ ጮክ ብሎ። ሴቶቹ ማን እንደተሳሳተች ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እሱ ግን እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሰባት ዓመት ፎቶ ስትነሳ የኖረችው ሴትዮ ደብተር ስሕተት አለበት! ከተሳሳተች ታዲያ የሷ ፓምፕ ሰባት ዓመት በምን ሠራ ብሎ አልጠየቀም። ደስታው ለጥያቄ ጊዜ አልሰጠውም።

በዚያው ቀን አሥራ ዘጠነኛ ስላይድ ጨመረ። በትልልቁ፣ በቀይ እንዲህ ጻፈ፦ «ስሕተት፦ 54 ክንድ፣ ማለት 27 ሜትር (ከብርሀንነሽ ደብተር)። ትክክል፦ 22 ሜትር ከ70 (ውበቱ)።» ይኸው፣ ስሟን ጠርቻለሁ አለ። አደራዋን ጠብቄያለሁ። ያን ሃያ ሰባት ሜትር ገመድ ሳይቆርጥ እንዳለ ጠቅልሎ ለማስረጃ አስቀመጠው።

የገለጻው ቀን አዳራሹ ሞላ። ከየቀበሌው የመጡት አርባ ያህል ጠባቂዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተቀመጡ። ከደሴ የመጣችው የፕሮጀክቱ ባለሙያ ሄለን ፊት ለፊት ማስታወሻ ደብተሯን ዘርግታለች፤ አሠልጣኝ የምትመርጠው እሷ ናት። ብርሀንነሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአቶ አሕመድኑር ጎን ተቀምጣለች። አሕመድኑር የጎረቤት ቀበሌ ፓምፕ ጠባቂ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከበትራቸው የማይለዩ ሽማግሌ።

ገለጻው ሠመረ። ውበቱ ራሱ ተገረመ። መዘውሩ፣ ቋጠሮው፣ ቅባቱ ሲባል ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሄለን ትጽፋለች። የጫማ ሶሉ ሥዕል ሲመጣ አሕመድኑር ቀና ብለው አዩ፤ ወደ ብርሀንነሽ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉ። ብርሀንነሽ መሬት መሬት ታያለች። ውበቱ ይህን አየ። ማየቱን ደግሞ ራሱ ያውቃል። ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

አሥራ ዘጠነኛው ሲመጣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል» አለ። «ሰው በልምድ ብቻ ሲሠራ ይሳሳታል። ይህ ቁጥር ከብርሀንነሽ ደብተር የተገኘ ነው። ሞክሬዋለሁ፤ ስሕተት ነው። ይኸው ገመዱ።» ጥቅሉን ከፍ አድርጎ አሳየ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ብርሀንነሽን አያት። ፊቷ ቀላ፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። ውበቱ የዚያን ደቂቃ ሆዱ ቅቤ ጠጣ።

አሕመድኑር በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። በማን ክንድ ነው የለካኸው?»

«ክንድ ክንድ ነው አባቴ። ግማሽ ሜትር።»

ከኋላ አንድ ሰው ክትክት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ፊት መጣ።

«ወላሂ፣ አንተ ገበያ ወጥተህ ገመድ ገዝተህ አታውቅም» አሉ አሕመድኑር። «እኛ ገመድ ስንገዛ ክንዱ የረዘመ ወንድማችንን ይዘን ነው የምንወጣው። ነጋዴው ደግሞ ክንደ አጭር ልጁን ያቆማል። ክንድ የባለቤቱ ነው። ደብተሩ የብርሀንነሽ ነው አላልክም? እንግዲያስ ክንዱም የሷ ነው። ብርሀንነሽ፣ ነይ ልጄ ውጪ፤ አብሽሪ።»

ብርሀንነሽ እያመነታች ወጣች። ገመዱን ከውበቱ እጅ ተቀበለች። ቀኝ ክንዷን አጠፈችና ከክርኗ እስከ ጎደለው ጣቷ መለካት ጀመረች። አንድ ሰው «አንድ» አለ፣ ሌላው «ሁለት» አለ፤ ከአሥር በኋላ አዳራሹ በሙሉ አብሯት ቆጠረ። ሃምሳ አራት ሲሉ ገመዱን በጣቶቿ ቆንጥጣ ያዘች። ሄለን ከመቀመጫዋ ተነስታ የውበቱን ሜትር ከጠረጴዛው አነሳችና ራሷ ለካችው።

«ሃያ ሁለት ሜትር ከስልሳ ስምንት» አለች።

ሁሉም ወደ ግድግዳው አየ። «ትክክል፦ 22 ሜትር ከ70 (ውበቱ)» የሚለው እዚያው በርቶ ነበር።

ሄለን ሜትሩን አጥፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ለውበቱ ግን ከቁጣ የባሰ ነበር። «አቶ ውበቱ፣ ይህኛው ገጽ ከደብተሯ ከሆነ፣ ሌሎቹስ ከየት ናቸው?»

«የራሴ ናቸው» ቢል ማን ያረጋግጣል? ብርሀንነሽ እንደማትናገር እርግጠኛ ነበር። ማሻ፣ ደጎሎ፣ ኩታበር በአንድ ቃል ርቀት ላይ ነበሩ። ብርሀንነሽን አያት። መልሱን እየጠበቀች አይደለም የቆመችው፤ ገመዱን ትጠቀልላለች፣ የሰው ዕቃ መሬት እንዳይነካባት ተጠንቅቃ። ያ ነው የሰበረው። ምነው ብትሰድበኝ አለ በሆዱ።

«ከመጀመሪያው ልጀምረው» አለ። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ፤ ስላይዱን ወደ መጀመሪያው መለሰ። «ቋጠሮውን በእሳት ማቅለጥ፤ ያሳያት ጋሹ በያጁ ነው። ጎሚኒ ከጫማ ሶል፤ የነገሯት አቶ አሕመድኑር ናቸው። መዘውሩን ማጥበቅ፤ ብርሀንነሽ ራሷ ያየችው። ቅባቱ፤ ብርሀንነሽ ራሷ ያየችው።» አሥራ ስምንቱንም እንዲህ አነበበ። «ብርሀንነሽ ራሷ ያየችው» ባለ ቁጥር አፉን መረረው፤ ግን አንዱንም አልዘለለም። መሐል ላይ ቀና ሲል ሰዎቹ መጻፍ ጀምረዋል። ቅድም ዝም ብለው ሲሰሙ የነበሩት አሁን እስክሪብቶ ይለምናሉ፤ ለካ ማንን ሄደው እንደሚጠይቁ አሁን ነው ያወቁት። ምሳ ሲደርስ አሕመድኑር አምስት ሰው ከቧቸው፣ የሰዎቹን ጫማ አስወልቀው ከሶሉ እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳዩዋቸው ነበር።

ሄለን ምርጫዋን ከመበተናቸው በፊት ተናገረች። ማሻንም፣ ደጎሎንም፣ ኩታበርንም የምትዞረው ብርሀንነሽ ናት። ሰው አጨበጨበ። ውበቱም አጨበጨበ፤ እጁ አጨበጨበ እንጂ እሱ አላጨበጨበም።

ሰው ሲበተን ብርሀንነሽን አዳራሹ ደጃፍ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትጽፍ አገኛት። ሳያስበው ቆሞ አነበበ። ከሃምሳ አራት ክንዱ ሥር «ክንድ ያልኩት የኔን ነው፤ 42 ሳንቲ ሜትር። ይህን መጻፍ ረስቼ ነበር። ጉድለቱን ያገኙት ጋሼ» ካለች በኋላ ስሙን ልትጀምር ነው።

«ተይው» አለ። «የኔን ስም አትጻፊ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ላርምሽ ብዬ አይደለም ያነሳሁት። ሰው ፊት ላዋርድሽ ብዬ ነው። ቀንቼብሽ ነው።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ጋለ። ለሚስቱ እንኳ ብሎት አያውቅም።

ብርሀንነሽ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «አውቄያለሁ» አለች። «ያገኙት ግን እርስዎ ነዎት። ሰባት ዓመት ስንት ሰው ገለጠው፤ ሌላ ማንም አላገኘውም።»

ጎንበስ ብላ ስሙን ጻፈች፤ ከነአባቱ፣ ከነቀኑ። ውበቱ ከራስጌዋ ቆሞ አየ። አፍሮ ነበር፤ ቀለል ያለውም ነገር ነበር። ዓይኑ ግን ፊደሎቿ ላይ ቀረ። ስሙን እንዲህ አሳምሮ ጽፎት አያውቅም፤ ለዚህም ቀናባት።